እግሬን አንቺ ያሉበት ቀን

ልጆቼ «እግርሽ ቤት አያውቅም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ሴቷ ልጄ ያገባችው ቢቸና ነው፣ ወንዱ ልጄ ያለው ሞጣ ነው፤ እኔ በሁለቱ መካከል እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ስመላለስ አረጀሁ። ሞጣ ስሰነብት ቢቸና ይናፍቀኛል፣ ቢቸና ስሰነብት ሞጣ። «አንዱ ጋ ረግተሽ ተቀመጪ» ሲሉኝ፣ «ወተት ነኝ እንዴ የምረጋው?» እላቸዋለሁ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ልጅ ከወለድሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ነው። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው። ከአንዱ ነገር ተነሥቼ ሌላው ጋ ብሄድ አትታዘቡኝ፤ እመለሳለሁ።

የዛሬው ነገሬ ፍሬን ነው። አሮጊትና ፍሬን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ያገናኘን አማቼ ነው፣ የሴቷ ልጄ ባል። ሾፌር ነው። የሚነዳት የጭነት መኪና ከእሱ በፊት ስንቱ እጅ ላይ የከረመች፣ ቀለሟ የለቀቀ፣ በሯ በሁለት እጅ ካልተገፋ የማይዘጋ ናት። እሱ ግን እንደ ልጁ ነው የሚያያት።

ጊዜው ጥር ነበር፣ አስፋልቱ ገና እኛ አገር ሳይደርስ። ሞጣ ቆርቆሮ አራግፎ ባዶውን ወደ ቢቸና ሲመለስ «እማማ፣ ይሄዳሉ?» አለኝ። እኔን ይሄዳሉ ብሎ መጠየቅ ዶሮን ጥሬ ትበያለሽ ወይ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ጓዜን በነጠላዬ ቋጠርሁና ጋቢናው ውስጥ ገባሁ።

አማትና አማች መንገድ ሲሄዱ ብዙ አያወሩም። በእናቴ ዘመንማ አማት አማቿን አንቱ ነበር የምትለው፣ ፊቱንም ትክ ብላ አታየውም። እኔ ልጄ ነው የምለው፣ እሱ ግን ያው እንደ ጥንቱ ነው፤ ሲያነጋግረኝ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ሾፌር ሲሆን ደግሞ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነውና ለሁለታችንም ተመቸን። እኔም ፊቱን እንዳላይ እግሩን አያለሁ። እግሩን ባላይ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

አንድ የገበያ መንገድ ጋ ስንደርስ አህዮች ከነጭነታቸው ተሻገሩ። አማቼ ፍሬኑን ረገጠ። እግሩ ዝም ብሎ ወደ ታች ወረደ፣ ጭቃ ውስጥ እንደገባ። አነሣና ደግሞ ረገጠ። በሦስተኛው መኪናዋ ያዘች። የመጨረሻዋ አህያ ጭራዋን አወዛወዘችና አለፈች። የአህዮቹ ባለቤት ዱላውን ከፍ አድርጎ ሰላም አለን፤ እሱ ያየው ነገር የለም።

ትንሽ ከሄድን በኋላ፣ «ልጄ፣ ይቺ ነገር አንዴ ቢረግጧት አይበቃትም?» አልሁት።

«ትንሽ ለስልሳ ነው እማማ። ደጋግመው ሲረግጧት ትይዛለች።»

«እንደ እኔ ጆሮ ናት በለኛ። ሁለቴ ካልጠሩኝ አልሰማም።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ከመሪው ጀርባ አንዲት ቢጫ መብራት በርታለች። ምን እንደሆነች ጠየቅሁት። ኤቢኤስ ትባላለች፣ በድንገት ሲይዙ ጎማው ቆልፎ እንዳይንሸራተት የምትጠብቅ ናት፣ ስትታመም መብራቷ ይበራል አለኝ።

«ለልጄ ነግረሃታል?»

«ምን ብዬ ላስጨንቃት።»

ከዚያ በኋላ እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከነገ ወዲያ ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ ሊወርድ ነው። አዲስ አበባ የሚወርድ ከደጀን በታች የዓባይን በረሃ መውረድ አለበት። እኔ ያንን ቁልቁለት አንድ ጊዜ ወርጄዋለሁ፤ ደብረ ሊባኖስ ልሳለም ከሰው ጋር ስሄድ። መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፣ በአንዱ በኩል ገደል ነው፣ የከበዱ መኪኖች ጎማቸው እየጨሰ ዳር ይዘው ሲቆሙ አይቻለሁ። በዚያ ላይ ሙሉ ጭነት ይዞ ሦስቴ ሊረግጥ ነው? የልጄ ባል፣ የልጅ ልጆቼ አባት?

አትሂድ ልለው አልችልም። አማት አማቿን ትመክራለች እንጂ አታዝም። ደግሞ ወንድ ልጅ በሥራው ሲገቡበት ይከፋዋል። ስለዚህ በማግሥቱ ጠዋት ልጄ ባለችበት እንዲህ አልሁ፦

«ነገ ስትወርድ እኔም አብሬህ እወርዳለሁ። ዓባይን አንዴ ደግሜ ልየው።»

«ደግሞ እግሯ ተነሣ» አለች ልጄ።

አማቼ ጫማውን እያሰረ ነበር። እጁ ክሩ ላይ ቆመ። «እማማ፣ መንገዱ ይከብድዎታል» አለ።

«አንተ የቻልኸው እኔን ምን ይከብደኛል? ተቀምጬ ነው የምሄደው። መኪናዋም ደህና ናት።»

ጫማውን አሰረ፣ ወጣ፣ ግቢውን አንዴ ዞረና ተመለሰ። «መኪናዋን መካኒክ እንዲያያት ነው የምወስዳት» አለ ለሚስቱ፤ ዓይኑ ግን እኔ ቆሜ ካለሁበት መሬት ላይ ነበር። ገበያ መሄጃዬ በዚያው በኩል ነውና አብሬው ወጣሁ። ገበያ የሚያስኬድ ነገር እንዳልነበረኝ ልጄም ታውቃለች።

መካኒኩ የሚሠራው ከከተማው ዳር፣ በባሕር ዛፍ አጠና በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። መሬቱ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ሰውየው የካህን ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር፣ ኋላ መኪና ማረከው። ነገር መጠምዘዙን ግን ከቅኔ ቤት ይዞት ወጥቷል። «እማማ፣ መኪናዋ ናት የታመመች ወይስ ሾፌሯ?» አለኝ።

«እሷ ለስልሳ ነው፣ እሱ ደግሞ ደርቆ» አልሁት።

መጀመሪያ የፍሬን ዘይቱ የሚጠራቀምበትን ዕቃ ከፍቶ አየ፤ ሙሉ ነው። ከሥር ገብቶ አራቱንም ጎማ በባትሪ እያበራ ዳሰሰ፤ የረጠበ ነገር የለም፣ የሚያፈስ የለም። ከዚያ አማቼን ሞተር አስነሥቶ ፔዳሉን ተጭኖ እንዲይዘው አደረገው። ረጅም ጊዜ ያዘው።

«እየወረደ ነው?»

«አይ፣ ቆሟል።»

«ዘይቱን የሚገፋው ፖምፓ ቢሆን ኖሮ ተጭነህ ስትይዘው ቀስ እያለ ይወርድብህ ነበር። ፖምፓው ደህና ነው። ደጋግመህ ስትረግጥ ከፍ የሚልልህ አየር ስለገባው ነው። በቅርብ ማን ነካው?»

አማቼ ያን ጊዜ ተናገረ። ከጥቂት ሳምንት በፊት በመንገድ ላይ የኋላ ጎማ የፍሬን ቱቦ ተቀዶበት፣ አንድ መንገደኛ ሠሪ ቀይሮለት ኖሯል። መብራቷም ከዚያ ወዲህ ነው የበራችው።

«ዘይቱን እስኪያልቅ አፍስሶታላ» አለ መካኒኩ። ወደ እኔ ዞረና አስረዳኝ። ዘይት ሲጫኑት አይጨመቅም፤ እግር የሰጠውን ጉልበት ሳይቀንስ እስከ ጎማው ያደርሳል። አየር ግን ይጨመቃል፤ የሰጡትን ጉልበት መንገድ ላይ ይበላዋል። እንደ ትራስ ነው ማለት ነው አልሁ በልቤ፣ ትራስ በጡጫ ቢመቱት ማዶ ያለው አይሰማም።

አየሩ ይውጣ ተባለ። ይህ ሥራ ደግሞ ሦስት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ከጎማው ሥር ሆኖ ትንሿን ብሎን ይፈታል፣ ያስራል። አንዱ የዘይቱ ዕቃ እንዳይጎድል እየጠበቀ ይሞላል፤ ከጎደለ እንደገና አየር ይገባና ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። አንዱ ጋቢና ተቀምጦ ይረግጣል። የመካኒኩ ሠራተኛ ዘመድ ሊድር ሄዷል፤ ጥር ነው፣ ሠርግ የሌለበት ቤት የለም። ሁለቱ ወንዶች ተያዩ። ከዚያ እኔን አዩ።

«እግር አለኝ» አልኋቸው።

አማቼ «ኧረ ነውር ነው» አለ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ጋቢናው ላይ ወጥቼ ነበር። ጋቢውን አጥፎ ከጀርባዬ ደገፈልኝ፣ ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጥሁ፣ ባዶ እግሬን ፔዳሉ ላይ አሳረፍሁ። ያን ያህል መኪና ስሳፈር ኖሬ በሾፌሩ በኩል የተቀመጥሁት ያን ጊዜ ነው። ዓለም ከዚያ በኩል ሌላ ናት፣ ሰፊ ናት።

ሥራው ቀላል ነው። እረግጣለሁ። ብሎኑ ሲፈታ እግሬ ወደ ታች ይሰምጣል። ብሎኑ እስኪታሰር እዚያው ታች እይዛለሁ። ከታሰረ በኋላ ብቻ እለቅቃለሁ። ሳይታሰር ከለቀቅሁ መኪናዋ የተፋችውን አየር መልሳ ትስባለች። ከፖምፓው በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀመርን።

«ይርገጡ እማማ» ይላል መካኒኩ ከሥር። እረግጣለሁ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር ይላል። እለቅቃለሁ። «ይርገጡ እባክዎ።» እረግጣለሁ። ከጎማው በቀጭን ቱቦ ወደ ፕላስቲክ ጠርሙስ የሚወርደው ዘይት አረፋ ያወጣል፣ ያወጣል፣ ያወጣል። አረፋው አያልቅም።

«ይህቺ መኪና አየር ታመርታለች እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

ፀሐይዋ ወደ ላይ ወጣች። አማቼ ዘይት ይሞላል፣ እኔ እረግጣለሁ፣ አረፋው ይመጣል። መካኒኩ ብሎኑን ሊቀይር ሁሉ አስቦ ነበር። በመጨረሻ ጆሮዬን ተጠራጠርሁና በመስኮት ብቅ አልሁ።

«ልጄ፣ እኔ ስረግጥ የምትለኝ ምንድን ነው?»

«እንዳይለቁ ነዋ።»

«እንዳይለቁ ነው? እኔ የሰማሁት ይልቀቁ ነው።»

በጀርባው እየተንፏቀቀ ወጣ፣ ፊቱ ጥላሸት ሆኖ ዓይኑ ብቻ ይታያል። እስቲ አስቡት፤ ከመኪና ሥር ተኝቶ ሲናገር፣ ቆርቆሮ ለቆርቆሮ እየተጋጨ፣ ለአሮጊት ጆሮ እንዳይለቁ እና ይልቀቁ ምን ልዩነት አላቸው? የያዝሁለት መስሎት እሱ ይፈታል፣ ይልቀቁ የተባልሁ መስሎኝ እኔ እለቅቃለሁ። ያወጣነውን አየር ሁሉ መልሰን ስንከት ነው ያረፈድነው።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ያሉት ይህንን ኖሯል» አለ መካኒኩ። አማቼ የዘይት ጣሳውን እንደያዘ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሳቁን እንደያዘ ገባኝ።

«በቃ አንቺ በለኝ» አልሁት። «ያዢ፣ ልቀቂ። አጭር ነው፣ አይመሳሰልም።»

«ኧረ እማማ! አባቴ ቢሰማ ይረግመኛል።»

«አባትህ ፍሬን አይሠሩም።»

«አልችልም። አፌ እሺ አይለኝም። እሱ ይበል።» ወደ አማቼ ጠቆመ።

አማቼ ጣሳውን ሊጥለው ነበር። «አማቴን? ምን ነክቶሃል?»

እንዲህ ሆነን ቆምን። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ ብረት የሚያቀልጥ፣ አንዱ ገደል የሚወርድ፣ አንዲት ያዢ የምትባል ቃል አቅቷቸው። እኔም ከላይ ሆኜ እያየኋቸው አንጀቴ ይራራላቸዋል። እንዲህ አድርገን ነው ያሳደግናቸው፤ ማንን ልውቀስ? አንቱታ ሰውን ከፍ ታደርጋለች፣ ግን ረጅም ናት፤ ቸኩላ መድረስ አትችልም።

መካኒኩ አገጩን በክንዱ እየጠረገ አሰበ። የቅኔ ቤቱ ነገር ትዝ ያለው ይመስለኛል። «እማማ፣ እርስዎን እንደሆነ አንቱ እንዳልሁ እኖራለሁ» አለ። «አንቺ የምለው እግርዎን ነው። እግርዎ ደግሞ ከእኔ ታንሳለች።»

«እግሬም ከአንተ ታላቅ ናት፤ ግን ፈቅዳለች» አልሁት።

ተመልሶ ገባ። «እግር ሆይ፣ ርገጪ!» አለ። እረግጣለሁ። «ያዢ እግር! ያዢ... ያዢ... በይ ልቀቂ!» ድምፁ እንደ ዲያቆን ተቃኝቶ ይመጣል። ከጎረቤት ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «ምን እያሠለጠናችሁ ነው?» አለን። «በሬ» አለው መካኒኩ ከሥር። «በሬም እንዲህ አይለመንም» አለና ሄደ።

አረፋው እየቀነሰ ሄደ፣ ጠፋም። ከኋላ ወደ ፊት እያልን አራቱንም ጎማ ጨረስን። እኔም እግሬ ሥር ፔዳሉ ሲወፍር ተሰማኝ፣ መጀመሪያ ሊጥ የነበረው ሥጋ እየሆነ መጣ። አማቼ ገብቶ ረገጠና ራሱን ነቀነቀ። «ተሻሽሏል፤ ግን ገና ነው። ከላይ ትንሽ ባዶ አለው።»

መካኒኩም ረግጦ አየ። «አውቄዋለሁ» አለ። «ከፖምፓው የሚወጣው ዘይት ጎማው ጋ ከመድረሱ በፊት በኤቢኤሷ ሳጥን ውስጥ ያልፋል። እዚያ ውስጥ ትንንሽ በሮች አሉ፤ ሁልጊዜ ዝግ ናቸው፣ ጎማ ሊንሸራተት ሲል ብቻ ነው የሚከፈቱት። አየሩ ከእነዚያ በሮች ጀርባ ተደብቋል። በሩ ካልተከፈተ እኛ ደጅ ቆመን ስንጣራ ብንውል አይወጣም።»

«ታዲያ በሩን ክፈተው» አልሁ።

«የሚከፍተው ኮምፒውተር ነው እማማ። እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ነው ያለው።»

አማቼ ተቀመጠ፣ ድንጋይ ላይ። ለኮምፒውተሩ አዲስ አበባ መሄድ አለበት፤ አዲስ አበባ ለመሄድ ዓባይን መውረድ አለበት፤ ዓባይን ለመውረድ ደግሞ ፍሬን ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ፊቱ ላይ ሲያልፍ አየሁት።

«ሌላ መንገድ አለ» አለ መካኒኩ። «ራሷ እንድትከፍተው ማስገደድ ነው። ጠጠር ላይ ወስደን በፍጥነት ነድተን በኃይል መያዝ። ጎማው ሊንሸራተት ሲል ሳጥኗ ትነቃለች። ግን መብራቷ እንደበራች ከሆነ ሳጥኗ ሥራ ፈትታ ተኝታለች ማለት ነው። መጀመሪያ መብራቷን እናጥፋ።»

ቱቦ በተቀየረበት ጎማ በኩል ፈለገ። የጎማውን ፍጥነት ለሳጥኗ የሚነግር ቀጭን ሽቦ ተጎትቶ ተበጥሶ፣ ጭቃ ለብሶ ተንጠልጥሏል። ያ መንገደኛ ሠሪ ሲታገል የበጠሰው ነው። አጸዳው፣ ቀጠለው፣ ጠቀለለው፣ መሬት እንዳይነካውም ከፍ አድርጎ አሰረው። ሞተር ሲነሣ ቢጫዋ መብራት ትንሽ በርታ ጠፋች።

በሞጣ መንገድ ከከተማው ወጥተን ሜዳማው ጋ ደረስን። እኔን ዳር አወረዱኝና ሁለቱ ነዱ። መንገዱ ባዶ ሲሆን ጠብቀው መኪናዋን ያስሮጧታል፣ ከዚያ ድንገት ይይዟታል፤ ከሥሯ ትርርርር የሚል ድምፅ ይወጣል፣ አቧራው ይነሣል፣ ትቆማለች። ዞራ ትመለሳለች፣ እንደገና። በግ የሚነዱ ሽማግሌ አጠገቤ ቆመው አዩ።

«ሰካራም ነው እንዴ ይህ ሰው?»

«አይደለም አባቴ፣ ፍሬን እያለማመዳት ነው።»

«እስካሁን ያለ ፍሬን ነበር የሚነዳት?»

ምን ልበላቸው? «ትይዝ ነበር፣ ግን ሦስቴ ሲለምኗት ነው» አልኋቸው። በጎቻቸውን ከመንገዱ አርቀው ነዱ፣ ዞር ዞር እያሉ።

ተመልሰን ግቢው ውስጥ እንደገና ጀመርን። እኔ ጋቢና፣ መካኒኩ ሥር፣ አማቼ ዘይቱ ጋ። የመጀመሪያው ብሎን ሲፈታ አንድ ትልቅ አረፋ ተንቦጫቦጨና ወጣ፣ ቀጥሎ ሌላ። «ይኸው ደብቃው የነበረውን!» አለ መካኒኩ። በዚህ ጊዜ የዘይቱ ዕቃ ድንገት ጎደለ። አማቼ ዘይቱ አልቆ አየር እንዳይገባ ደነገጠና፣ ጣሳውን እየደፋ በመስታወቱ ፊት ለፊት ዓይኔን እያየ ጮኸ፦

«ያዢ እማ! እንዳትለቂ!»

ያዝሁ። ብሎኑ ታሰረ፣ ዘይቱ ተሞላ። ከዚያ ነው ምን እንዳለ የታወቀው። አንገቱ ድረስ ቀላ። እኔ መሪውን እያየሁ፣ «አሁን ልልቀቅ ወይስ ልያዝ? ምንም አልሰማሁም» አልሁ።

ሲያልቅ ፔዳሉ እግሬ ሥር ትንሽ ወርዶ ቀጥ አለ። ብገፋው አይሄድም። እኔን ራሴን ወደ ወንበሩ ገፋኝ። አማቼ ሞተር አስነሥቶ ረገጠ፤ አንዴ። እግሩን እዚያው ይዞ ቆየ፤ መካኒኩ እያንዳንዱን ብሎን በጨርቅ እየጠረገ ጣቱን እያሳረፈ አየ። ደረቅ ነው።

«ነገ አትውረድ» አለው። «ነገ ጫንና እዚሁ ዙር። ማታ ሲበርድ ዘይቱን እይ፣ ፔዳሉን እይ። እንዳለ ከሆነ ከነገ ወዲያ በእግዚአብሔር ስም።»

አማቼ የጤፉን ባለቤት በስልክ ለመነው። ሰውየው አጉረመረመ፣ እሱም «ሲያጉረመርሙ ይሻላል ከሚያለቅሱ» ብሎ ዘጋው። በማግሥቱ ጭኖ ዞረ፣ ማታ አየ፤ እንዳለ ነው።

በሚሄድበት ቀን ንጋት ላይ ልጄ «አሁንማ ተሠርታለች፣ ቅሪ» አለችኝ። አማቼ ደጅ ሞተር አስነሥቶ ይጠብቃል። በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «እማማ፣ ይሳፈራሉ?» አለ። እንደተለመደው አንቱ ነኝ። ግን በዚያች ጥያቄ ውስጥ ጥርጣሬ አልነበረም፤ ባለፈው «መንገዱ ይከብድዎታል» ሲለኝ ግን ነበረ። ተሳፈርሁ።

ከደጀን ሲወርድ ማርሹን አክብዶ ቀስ ብሎ ያዛት። መጀመሪያዎቹ መታጠፊያዎች ላይ ዓይኔን ከእግሩ አላነሣሁም። ይረግጣል፣ አንዴ፤ ትይዛለች። ይለቅቃል። ይረግጣል፣ አንዴ። ከታች ሙቀት እየመጣ ፊቴን ዳሰሰኝ። ጦጣዎች ግንቡ ላይ ተደርድረው ያዩናል። ይረግጣል፣ አንዴ።

ስነቃ መኪናዋ ዳገት ላይ ታቃስታለች።

«የት ደረስን?»

«ድልድዩን ከተሻገርን ቆየን እማማ። ማዶውን እየወጣን ነው።»

«ምነው ሳትቀሰቅሰኝ?»

«እንዲያ ሲተኙ ማን ይደፍራል?»

ዓባይን ላየው ብዬ ወርጄ፣ ዓባይን ሳላየው ተሻገርሁት።